ቦይለራችን ቴርሞስታት ከተቀየረለት ወዲህ አልበራ አለ

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አለ። ማሞቅ እንጂ ማቆም እምቢ ብሎ ከቧንቧው እንፋሎት መትፋት ሲጀምር ባለሙያ ጠራን። ውሃውን አስወጥቶ፣ የታችኛውን ክዳን ፈቶ፣ ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ ጠረገ፤ አዲስ ቴርሞስታት ገጠመና አብርቶ አሳየን። ቀይዋ መብራት በራች፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከደጃፍ ሳይርቅ መብራቷ ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ አልበራችም። ስልኩንም አያነሣም።

ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር አልወደቀም። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያም መብራቱ ይበራል። ኤሌክትሪክ እስከዚያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። አዲሱ ቴርሞስታት ሲገዛም ብልሹ ነበር ማለት ነው? ሌላ ልግዛ? ኅዳር ገብቷል፤ የጦሳ ተራራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እናቴ ለሱብሂ ውዱእ የምታደርግበትን ውሃ በሌሊት ተነሥቼ የማሞቀው እኔ ነኝ።

መልስ፦ ከወልዲያ

እኅቴ፣ እኛ ቤትም እንዲህ ሆኖ ቴርሞስታቱን አውጥተን ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኘናቸው። ሲሞቅ እናጠፋዋለን። ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

አብሽሪ እታለም። ለመግዛት አትቸኩዪ።

የወልዲያው ወንድሜ፣ ምንም ያልሆነው ማጥፋቱን እስካልረሳችሁ ድረስ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የቦይለር በርሜል ግን ዝግ ስለሆነ ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። የግፊት መልቀቂያዋ ቫልቭ በዝቃጭ ከተደፈነች በርሜሉ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ምክር ለሰው አይሰጥም።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ባስቀመጥሽው ሙቀት ላይ እያጠፋ እያበራ መቆየት ነው። ሁለተኛው፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን መቁረጥ ነው፤ አንዴ ከቆረጠ ሰው በእጁ ካልመለሰው አይመለስም። ብሬከሩ ሳይወድቅ ቦይለሩ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ቆራጭ ነው። ለመሆኑ ባለሙያው ሲያበራው በርሜሉ ውሃ ነበረው?

ጠያቂዋ

ውሃማ ከየት መጥቶ! የዚያን ቀን የሰፈራችን ፈረቃ አልነበረም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶም ደርቆ ነበር። ውሃ የመጣው በማግሥቱ ሌሊት ነው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

እንግዲያው ነገሩ ተገኘ። ባዶ በርሜል ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ ስለሌለ ወዲያው ይግላል። ቆራጩም ሥራውን ሠራ። ቴርሞስታቱን አትውቀሺው፤ የሚያሠጋው ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ እንደሆነ ነው።

ብሬከሩን አውርጂ፤ የግድግዳው ማጥፊያ ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቺ። ሙቅ ውሃ የሚወጣው ከበርሜሉ አናት ስለሆነ፣ አየር ሳይቀላቀል ያለማቋረጥ ከወረደ ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ መልቲሜትር መጠቀም የሚያውቅ ሰው ሽፋኑን ይክፈትና የሬዚስታንሱን ሽቦዎች ነቅሎ ሁለቱን ጫፎች ይለካ። 1500 ዋት ከሆነ፣ የመስመሩ ቮልት 220 በ220 ተባዝቶ ለ1500 ሲካፈል 32 ኦም ገደማ ይመጣል። መስመሩ የተበጠሰ ሆኖ ከታየ ተቃጥሏል። ከጫፎቹ ወደ በርሜሉ ብረት ሲለካ ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ ካለ በፍጹም እንዳታበሩት፤ ገላውን የሚታጠብ ሰው በኤሌክትሪክ የሚያዘው በዚህ ነው። ቢጫና አረንጓዴዋ የመሬት ሽቦ ወደ ቦታዋ መመለሷንም እዩ፤ ክዳን ሲገጠም ተረስታ የምትቀር እሷ ናት። ሁሉም ደኅና ከሆነ ቴርሞስታቱ ፊት ላይ ያለችውን፣ ቆራጩን የምትመልሰውን ትንሽ ቁልፍ ይጫናት፤ ቀጭ ትላለች።

መልስ፦ ከወልዲያ

ጌታው፣ ኮምቦልቻ ቴርሞስታት በስንት ይሸጣል?

ጠያቂዋ

አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። ጎረቤታችን የቴክኒክ መምህር ናቸው፤ መልቲሜትራቸውን ይዘው መጡ። 33 ኦም አነበበ፤ ወደ ብረቱ ምንም የለም። የመሬት ሽቦዋ ግን እንዳሉት ተንጠልጥላ ነው ያገኘናት፤ አሰሯት። ቁልፏ ቀጭ አለች፣ መብራቷ በራች፣ እናቴም መረቀችዎት። ሙቀቱን ስንት ላይ ላድርገው? ያ ባለሙያ እስከ መጨረሻው አዙሮት ነው የሄደው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

አሚን። 60 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝቃጩም ይቀንሳል፣ ቆጣሪውም አይሮጥም። በርሜሉ ሞልቶ እያለ ቁልፏ ዳግመኛ ከቆረጠች ግን እየጫናችሁ አትቀጥሉ፤ ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ራሱ ይጠረጠራል፣ ደረሰኙን ይዘሽ ሱቁ ድረስ ሂጂ።

የወልዲያው ወንድሜ፣ ዋጋው እንደ ዓይነቱ ነው። ስትገዛ የድሮውን ይዘህ ሂድ፤ የዘንጉ ርዝመት ይለያያል። እስከዚያ ግን ብሬከሩን አውርደው።