ስፒድማስተሩ ፊቱ ይቀባ ወይስ እንዳለ ይቅር?

የቀበሌው_ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ፒያሳ አንድ ኦሜጋ ስፒድማስተር የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ቀርቧል። ከክዳኑ ውስጥ የሞዴል ቁጥሩ 145.022-69 ይላል፣ ማሽኑ ካሊበር 861 ነው። ጥቁሩ ፊት ወደ ቡናማ አዘንብሏል፣ የሚያበሩት ነጥቦች ቢጫ ሆነዋል፣ ገላው ጭረት በጭረት ነው። ሻጩ «ፊቱን አስቀብቼ፣ ገላውን አንጥረኛ ዘንድ አስወልውዬ ላስረክብህ» ይላል። እሺ ልበለው? ከመክፈሌ በፊትስ ምኑን ልይ?

ሞላ_ሰባሪ፦
ኧረ እንዳያስነካው! ማሽን ይጠገናል፤ ሞላውም ጎማውም ተገዝቶ ይገባል። የተሞረደ ብረትና የተቀባ ፊት ግን መመለሻ የላቸውም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለውም ላልተነካ ገላና ፊት ነው። የማሰሪያውን ቀንዶች በአጉሊ መነጽር እይ። የገላው ጎን በደቃቅ መስመር የተፋቀ፣ የቀንዱ ተዳፋት ደግሞ አንጸባራቂ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ አልተነካም፤ እንደ ሳሙና ከሟሸሸ ተወልውሏል። የጎንደር አንጥረኛ እጁ ወርቅ ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ እንደ መስቀል አብርቶ ይመልስልሃል።

ቡናማው ፊት ወጥ ከሆነ እንዲያውም ዋጋ ይጨምራል፣ «ትሮፒካል» የሚሉት እሱን ነው። ቦታ ቦታ ካበጠ ወይም ከተላላጠ ግን እርጥበት ገብቷል፤ የመሙያው ዘንግም ዝጎ ሊሆን ይችላል።

አዘዞ_ማዶ፦
ፊቱ የራሱ መሆኑንም አረጋግጥ። በ-69 ላይ የኦሜጋ ምልክት በቀለም የታተመ ነው፤ የተለጠፈ ብረት ካየህ ፊቱ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። ከግርጌው «ስዊስ ሜድ» የሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኙ የላቲን «ቲ» ፊደል አለው፣ ትሪቲየም ማለት ነው፤ ነጥቦቹን ያበራ የነበረው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር። «ቲ» የሌለው ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተቀየረ ነው።

ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ከ16 እጅ 1 እጅ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ የብር ኖት መፈተሻውን ሐምራዊ መብራት አብርተህ አጥፋው። ነጥቦቹ ጨለማ ውስጥ ቦግ ብለው ከቆዩ በአዲስ ቀለም ተሞልተዋል። የጠቋሚዎቹም ቀለም ከነጥቦቹ ጋር ይመሳሰል።

ሞላ_ሰባሪ፦
ክሮኖውንም (እያስነሱ እያቆሙ ጊዜ የሚለኩበትን ክፍል) ሞክረው። ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ሙላና የላይኛውን ቁልፍ ተጫን፤ ረጅሙ ጠቋሚ ሳይዘል መነሳት አለበት። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሂድ። በ3 ቁጥር በኩል ያለው ደቂቃ ቆጣሪ በየዙሩ አንዴ ይዘላል፣ በ9 በኩል ያለው ትንሿ ሰከንድም አትቁም። ከቆመች ማሽኑ ጉልበት አጥሮታል፤ ብዙ ጊዜ ዘይት መድረቅ ነው። ከዚያ አቁመህ የታችኛውን ተጫን። ሦስቱም በትክክል ወደ ላይ ካልተመለሱ ወይ ጠቋሚው በቧንቧው ላይ ላልቷል፣ ወይ ጠቋሚዎቹን ወደ ዜሮ የሚመልሰው መዶሻ ተበልቷል። እየሄደ ሳለ ግን የታችኛውን አትንካ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ አለ፦ ክሮኖው ቆሞ ሳለ በ6 በኩል ያለው ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያለ መሳብ። ፍሬኑ አልያዘም ማለት ነው። የሚጠገን ነው፣ ግን ከዋጋው ቀንስበት።

የቀበሌው_ልጅ፦
የታኪሜትሩ ቀለበት ላይ (በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የፍጥነት መለኪያ ቁጥር የተጻፈበት) ነጥቧ ከ90 ጎን ሳይሆን ከበላዩ ናት። ይስማማል?

አዘዞ_ማዶ፦
ለ-69 ይስማማል። ያ ቀለበት ለብቻው ውድ ስለሆነ ነቅለው በአዲስ የሚተኩት አሉ፣ አስመስሎ የተሠራም አለ። በክፍያው ቀን ነጥቧን ድጋሚ እያት፣ ዛሬም ሰዓቱን ከነክዳኑና ከነማሽን ቁጥሩ ፎቶ አንሳ።