ለአዲስ ላፕቶፕ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፦ መጠባበቂያውን እንዴት ላደራጅ?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)
ጤና ይስጥልኝ። ዊንዶውስ 11 የተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ወደ 400 ጊጋባይት የሚጠጋ ፎቶና ድምፅ አለኝ፤ አብዛኛው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ከመፍረሳቸው በፊት ያነሳኋቸውና ነዋሪዎቹ ያጫወቱኝ ነው። ቤቶቹ ዛሬ ስለሌሉ ከጠፋብኝ የምተካበት መንገድ የለም። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ልገዛ አስቤአለሁ። ሁለቱንም ሰክቼ ልተዋቸው? ቅጂው ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ (የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ሜክሲኮ)
እህቴ፣ ሰክተሽ አትተያቸው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋል። ሌባም ከገባ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። አንዱ ዲስክ ቤትሽ ይሁን፤ ሌላው ከሰፈርሽ ራቅ ብሎ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ በየወሩም ይቀያየሩ። ስትቀያይሪ ቤት ባለው ዲስክ ላይ አዲሱን ሁሉ ቀድተሽ ወደ ዘመድሽ ውሰጂው፤ እዚያ የነበረውን ይዘሽ ተመለሺ። ሁለቱ አንቺ ቤት አብረው አይደሩ።

ስለ መብራቱ፦ ባለ 2.5 ኢንቹን ግዢ። ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ ይዞት ይቆያል። ባለ 3.5 ኢንቹ ግን የራሱ የኃይል ገመድ ስላለው መብራት በጠፋበት ቅጽበት እየጻፈ ሳለ ይቆማል። ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጊው፤ ኤክስፋት የተባለው ሌላው አደረጃጀት ድንገተኛ መቋረጥን ብዙም አይችልም።

መልስ (ከስታዲየም አካባቢ)
ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ። በርካሽ ዋጋ 16 ቴራባይት ተብሎ የሚሸጥ የኪስ ዲስክ ካየሽ እለፊው። ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ነው፤ መጠኑን አጋንኖ እንዲናገር ተደርጓል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ቅጂውም ያለቀ ይመስላል፤ በኋላ ስትከፍቺው የፋይሉ ስም አለ፣ ፎቶው የለም። ዲስኩን እንደገዛሽ፣ ገና ባዶ ሳለ፣ ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሺው። ዲስኩን ሞልቶ ይጽፍና መልሶ ያነብበዋል። ለ2 ቴራባይት ዲስክ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ ሻጩ የመመለሻ ቀን ከሰጠሽ ከዚያ በፊት ጨርሺው።

መልስ (በቤተ መዛግብት የሠራሁ ጡረተኛ)
ልጄ፣ የያዝሽው የከተማ ቅርስ ነውና ወር ይረዝማል። አዲስ ሰው በቀዳሽ ቁጥር ያንኑ ዕለት ወደ ዲስኩ አስገቢው።

ላፕቶፑና ዲስኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚያደርግ ፕሮግራም ብቻውን አይበቃም። ላፕቶፑ ላይ በስሕተት የጠፋውን ዲስኩ ላይም ያጠፋዋል። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ ግን ዲስኩ ተሰክቶ ሳለ በየሰዓቱ የተለወጠውን ይቀዳል፣ የቀድሞውንም ያቆያል። ፎልደሮችሽን ፒክቸርስ ውስጥ ካስቀመጥሽ በራሱ ያገኛቸዋል።

ዲስኩን ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከቆለፍሽ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ በወረቀት ጽፈሽ ከዲስኩ ለይተሽ አኑሪ። ደግሞም አልፎ አልፎ አንድ የድምፅ ቅጂ ከዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሰሽ እስከ መጨረሻው አዳምጪው። ተከፍቶ ያልተሰማ ቅጂ እንዳለሽ አትቁጠሪው።

ጠያቂዋ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በታክሲ የማመላልሰው ዲስክ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው) ቢሆን አይሻልም?

መልስ (ሜክሲኮ)
መንገጫገጩን በደንብ ይችላል። ነገር ግን ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት ከተቀመጠ የያዘው መረጃ ሊደበዝዝ ይችላል። አንቺ በየጊዜው ስለምትሰኪው አያሰጋሽም። ዋጋው ካልከበደሽ አንዱን ኤስኤስዲ፣ ሌላውን ሃርድ ዲስክ አድርጊ። ብቻ ዩኤስቢ 3 በሆነው መሰኪያ ተጠቀሚ፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። በሃርድ ዲስክ 400 ጊጋባይቱ በዚያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በዩኤስቢ 2 ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ያስቀምጥሻል።