«መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሠርግ» ማለት ጠጅ የሌለበት ማለት ነው?

ጠያቂው፦ እዚህ ጅማ የወንድሜ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ወንጌላውያን ናቸው። ለሽምግልና ስንቀመጥ «ሠርጉ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ይሁን» አሉን፤ አባቴም ደስ ብሏቸው «አሜን» አሉ። ኋላ ሲብራራ ለካ ጠጅ፣ ጠላ፣ ጭፈራ የለም ማለት ኖሯል! እናቴ ጌሾዋን ገዝታ ጨርሳለች። ቃሉን እንዴት ትረዱታላችሁ?

ዘማሪዋ፦ ከቃሉ ጋር የሚስማማ ማለት ነው። ኤፌሶን 5፥18 በወይን ጠጅ አትስከሩ ይላል።

አዌቱ ማዶ፦ አትስከሩ እንጂ አትቅመሱ አላለም እህቴ። ቃና ዘገሊላ ስድስት የድንጋይ ጋን ውኃ ወይን የሆነው ሠርግ ቤት ነው። ሶምሶን 7 ቀን ደግሷል፤ በ81ዱ ውስጥ ባለው መጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ድግሱ 14 ቀን ነው። ቬሎውና ባለ ሦስት ፎቁ ኬክስ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ዘማሪዋ፦ ጦቢት በእኛ 66 መጻሕፍት ውስጥ የለም። ደግሞስ የተጻፈ ሁሉ ይፈቀድ ከተባለ ሰሎሞን 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ነበሩት። ለሙሽራው ይኸንንም እንፍቀድለት?

የጅሬን ጎረቤት፦ ጠጁ እኛን ሙስሊሞቹን አይመለከትም፤ ጭቅጭቁን ግን እናውቀዋለን። ቁርኣን ለሴቲቱ መህሯን፣ ማለትም ከሙሽራው የሚገባትን የጋብቻ ስጦታ፣ ስጡ ይላል። አዳራሹንና የመኪናውን ሰልፍ የጨመርነው እኛ ነን፤ ሁሉንም ሃይማኖታዊ እንለዋለን። ለእኛ የሚያርደው ሰው ግን ተነግሮታል?

ጠያቂው፦ ተነግሮታል፤ ድስቱም ለብቻ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ እህታችሁ በሰሎሞን ጉዳይ እውነቷን ነው፤ የተተረከ ሁሉ የታዘዘ አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዱ ወገን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» ካለ በኋላ ሌላው አፉን ሲከፍት ከአማቾቹ ሳይሆን ከፈጣሪ ጋር የሚሟገት ይመስላል። የእናንተው አባት «አሜን» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? «በእኛ ቤት መጠጥ አይቀርብም፤ አክብሩልን» ቢባል ኖሮ በአንድ ቡና ያልቅ ነበር። አሁንም ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ጠጁን በስሙ ጠርተው ይነጋገሩ።

ዘማሪዋ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «የቤታችን ወግ ነው» ብለን ብንለምን ማን ይሰማናል? ያኔ «አንድ ብርሌ ምን አላት» ተብለን ነው የምንታለፈው።