ክርክር፦ ስኮትላንዳዊ ያልሆነ ሰው ኪልት ለብሶ አደባባይ መውጣት ይገባዋል?

ጠያቂው፣ ከግላስጎው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ ያገባል፤ ከሚዜዎቹ አንዱ እንድሆንም ጠይቆኛል። ሚዜዎቹ ሁሉ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሽንሽን ጉርድ) ስለሚለብሱ አንተም ትለብሳለህ አለኝ። የልብሱን ኪራይ ቤተሰቡ ይችላል። እኔ ግን ከሱሪ ሌላ ለብሼ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በመሀል ከተማ በእግር ወደ አዳራሹ እንሄዳለን፣ ፎቶውን ደግሞ አገር ቤት ያሉ ወላጆቼ ማየታቸው አይቀርም። የጎሳ ልብስ ነው ሲባልም እሰማለሁ። የእኔ ያልሆነውን ለብሼ የአገሩ ሰው ቢቀየምስ? ልልበስ ወይስ ይቅርብኝ? ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ዲያቆን፣ ከለንደን፦
ወንድሜ፣ ይቅርብህ። ዘዳግም 22፥5 ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላል። ለእነሱ ባህላቸው ነው፣ አልነቅፋቸውም። እናትህ ፎቶውን ስታይ ግን የሚታያት ጉርድ ቀሚስ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰህ ሚዜ ብትሆን ማን ይከለክልሃል?

የወሎ ልጅ፣ ከሊድስ፦
ዲያቆን፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ቃሉ የሚከለክለው የሴት ልብስ ነው፤ ኪልት ደግሞ በአገሩ የወንድ ልብስ ነው። ባቲ ገበያ ብትወርድ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ ታያለህ። አፋሩም ሶማሌውም ያገለድማል። ወንድነቱን የሚጠረጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። የእኛ ካህናትስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ይለብሱ የለም እንዴ?

ዲያቆን፣ ከለንደን፦
ሽርጡን ተቀብያለሁ። ነገር ግን አፋሩ የለበሰው የአባቱን ነው። ጠያቂያችን የሚለብሰው የማንን ነው?

ጋሼ፣ ከኤድንብራ፦
ዲያቆን የጠየቀው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ኪልት ድሮ የመላው ስኮትላንድ ልብስ አልነበረም። የሰሜንና የምዕራቡ ተራራማ አገር፣ የሃይላንድ ሰው ልብስ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ትልቁ ኪልት ወገብ ላይ በቀበቶ ይታሰርና ትርፉ ትከሻ ላይ ይጣላል፤ ሌሊት ደግሞ እንደ ጋቢያችን ይለበሳል። አጭሩ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ቶማስ ራውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት አሳጠረው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ እስካሁን ያከራክራል።

ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ለመመለስ የሃይላንድ ጎሳዎች የተሰለፉበት አመፅ በኤፕሪል 1746 ካሎደን በተባለ ሜዳ ላይ ሲደመሰስ፣ የለንደን ፓርላማ በዚያው ዓመት ልብሱን በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። የተፈቀደለት ለንጉሡ የሚዋጋ ወታደር ብቻ ነበር። ሕጉ የተነሳው በ1782 ነው።

ከዚያስ? በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን አዘጋጅቶ እንግዶቹን ታርታን በሚባለው የኪልት ባለ መስመር ጨርቅ እንዲደምቁ አደረገ። ንጉሡም ራሱ ኪልት ለበሰ። የቆላው ስኮትላንዳዊ፣ ሃይላንዱን ለዘመናት እንደ ሽፍታ ያይ የነበረው፣ ያን ጊዜ ነው ልብሱን የራሱ ያደረገው። ስለዚህ ዛሬ በየሰርጉ የምናያቸው የኤድንብራና የግላስጎው ሰዎች፣ የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ኪልትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለብሱ እንዳንተው ለልብሱ እንግዳ ነበሩ። አንተን ደግሞ ባለቤቶቹ ናቸው ልበስ ያሉህ።

እህታችሁ፣ ከኢንቨርነስ፦
ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን አስቀርተውታል። ንጉሡ ኤድንብራ ላይ ታርታን ለብሶ በሚጨበጨብበት በዚያ ዘመን፣ ሰዘርላንድ በተባለው የሃይላንድ አውራጃ ገበሬው ከመሬቱ እየተነቀለ ቦታው ለበግ ይሰጥ ነበር። ጎጆዎች ተቃጥለዋል፤ ብዙዎች ወደ ካናዳ ተሰደዋል። ልብሱ ሲከበር ለባሹ ተባረረ። እኔ የምኖረው በዚያ ሕዝብ የልጅ ልጆች መካከል ስለሆነ ይህን ሳስብ ያመኛል። አትልበስ አልልም። እየሳቁ ለፎቶ ብቻ የሚለብሱትን ቱሪስቶች ግን አትምሰል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከማንቸስተር፦
እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ለምን የራሱን የሐበሻ ልብስ አይለብስም? ጥልፍ ያለው ነጭ ልብስ ከኩታ ጋር የትኛውንም ሰርግ ያደምቃል። ልጆቻችን የሰውን ማክበር ከእኛ ተምረዋል፤ የራሳቸውንስ ማን ያስተምራቸው?

የወሎ ልጅ፣ ከሊድስ፦
እህቴ፣ ተጋባዥ ቢሆን እስማማ ነበር። ሚዜ ግን ሙሽራው የመረጠውን ነው የሚለብሰው። በእኛ ሰርግ ፈረንጅ ጓደኛችንን የአገር ልብስ አልብሰን ከሚዜዎች ጋር ስናሰልፈው እናቶቻችን እልል ይላሉ። እምቢ፣ ሱሪና ከረባቴን ነው የምለብሰው ቢል እኮ ቅር ይለናል።

የኪልት ኪራይ ሱቅ ሠራተኛ፣ ከኤድንብራ፦
አበሻ ነኝ፤ ኪልት ማከራየት እንጀራዬ ነው። የጎሳውን ነገር ላቅልልልህ። የአንዱን ጎሳ ታርታን ሌላው እንዳይለብስ የሚከለክል ሕግ የለም። በልማድ ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተተወ ባልሞራል የሚባል አለ፤ እሱን ለማንም አናከራይም። የጎሳ ስም የሌለው ሰው ብላክ ዋች ወይም የአውራጃ ታርታን ይወስዳል፤ ግላስጎውም የራሱ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የታርታን መዝገብ ተቋቁሟል። ሲኮችም አይሁዶችም የራሳቸው ታርታን አላቸው።

አለባበሱ ላይ ግን አደራ። ኪልት ዳሌ ላይ አይታሰርም፤ እምብርት አካባቢ ከፍ ብሎ ይታሰርና ጫፉ ጉልበት መሀል ላይ ያርፋል። ሽንሽኑ ከኋላ ነው፤ ከፊት አድርጎ የወጣ ደንበኛ ስላየሁ ነው የምነግርህ። የኪልቱ ጌጥ መርፌ የሚሰካው ከፊት ከሚደራረቡት ሁለት ጨርቆች የላይኛው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አብረህ ከወጋህ ጨርቁ ይቀደዳል። ስትቀመጥ ሽንሽኑን በእጅህ ወደ ታች አስተካክል፣ ጉልበትህን ግጠም፣ ስፖራን የሚሉትን የቆዳ ቦርሳ መሀል ላይ ጣለው። ሙሉ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል ሱፍ ስላለው ከባድ ነው፣ ነፋስ በቀላሉ አያነሳውም።

ለብሶ የሚያውቅ፣ ከአበርዲን፦
ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። ማምሻውን፣ መጠጥ ሲገባ፣ ከሥር ምን ለብሰሃል የሚል አይጠፋም። እጁን ሰዶ የሚያነሳም አለ። ይህ ቀልድ አይደለም። ሴት ቀሚሷ ቢነሳ ጥቃት ነው ብለን እንደምንቆጣው ሁሉ በወንዱም ጥቃት ነው። ቁምጣ ልበስበት፤ ወጉ ከሥር ምንም አለመልበስ ነው ቢሉህ አትስማ። ሙሽራውንም አስቀድመህ ንገረው፤ ጨዋ ጓደኛ ከሆነ ከጎንህ ይቆማል። ጥቁር ሆነህ ለብሰህ ስትወጣ ደግሞ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚል ይበዛል፤ ካልፈለግህ አልፈልግም በል።

ጠያቂው፣ ከግላስጎው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እለብሳለሁ። ታርታኑም የግላስጎው ይሁን ብያለሁ። ከኪልቱ ጋር ካልሲ ውስጥ የሚሻጠውን ቢላዋ ግን ተውኩት፤ ከብሔራዊ ልብስ ጋር ሲሆን ሕጉ ይፈቅዳል ብለውኛል፣ ቢሆንም አውቶቡስ ውስጥ ቢላዋ ይዤ መታየት አልፈልግም። እህቴ ከኢንቨርነስ የጻፍሽውን ለሙሽራው አነበብኩለት፤ እሱም የአያቱ ወገኖች ከሰዘርላንድ እንደመጡ ነገረኝ። ለእናቴ ፎቶው ሳይደርሳት ደውዬ አስረዳታለሁ።

ዲያቆን፣ ከለንደን፦
አሁንም አልደግፍህም፤ ሐሳቤን ደብቄ መልካም አደረግህ ማለትም አልችልም። ለእናትህ አስቀድመህ መንገርህን ግን ወድጄዋለሁ። ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ለብሰኸው እንዳትመጣ እለምንሃለሁ።

የኪልት ኪራይ ሱቅ ሠራተኛ፣ ከኤድንብራ፦
ጫማውን ቤት ውስጥ ተለማመድበት። ማሰሪያው ረጅም ስለሆነ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተጠምጥሞ ነው የሚታሰረው፤ ጠበቅ ካላደረግኸው ስትጨፍር ይፈታል።