ክራሬን ከስኮትላንድ ባግፓይፕ ጋር እንዴት ላስማማ?

ጥያቄ፦ ባለክራሩ
ሰላም ቤተሰብ። ግላስጎው ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ክራር እጫወታለሁ፣ ማሲንቆም እሞካክራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐሙስ ሐሙስ ማታ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የሚጫወቱ ሰዎች ጋ ወሰደኝ። «ሴሽን» ይሉታል። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፤ ጠረጴዛ ከበው ፊድል (ያው ቫዮሊን ነው)፣ አኮርዲዮን፣ ዋሽንት። ዜማው ሲጀመር ደነገጥኩ፣ ትዝታ እኮ ነው! በሳምንቱ ክራሬን ይዤ ሄድኩ። ከፊድሉ ጋር ደህና ነበርኩ፤ ከዚያ አንዱ ባግፓይፑን (ያ ስልቻና ቧንቧ ያለው የነሱ መሣሪያ) ሲነፋ አለቀልኝ። ስልኬ ላይ ያለው መቃኛ ኤ (A የሚባለው ድምፅ) ላይ ነህ ይለኛል፣ ሰውየውም የምጫወተው ኤ ነው ይላል፣ ግን ድምፃችን አይገናኝም። ላጥብቀው ብዬ ስጠመዝዝ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሌላው ደግሞ ሦስት ዜማ ሳያቋርጡ ያያይዙና መሀል ላይ ኪይ (ዜማው የሚቆምበትን መነሻ ድምፅ) ይቀይራሉ። ስድስት ክር ይዤ ምን ልሁን? ሐሙስ ደረሰ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ቅኝት ብቻ
ወንድሜ ጆሮህም ስልክህም ደህና ናቸው። የሰውየው ኤ ያንተ ኤ አይደለም። መቃኛህ ኤን 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ላይ ይይዛል። ትልቁ የሃይላንድ ባግፓይፕ ኤ የሚለው ግን ዛሬ ዛሬ ከ470 እስከ 480 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ማለትም ከቢ ፍላት (466) ትንሽ ከፍ ያለ። ሁለት ኤዎች ናቸው በአጭሩ። ሰውየው ደግሞ ቢፈልግም ወዳንተ መውረድ አይችልም፣ መሣሪያው በዚያ ልክ ነው የተሠራው። ስለዚህ አንተ ወደ እሱ ሂድ፣ ግን አታጥብቅ፣ አላላ። ቢ ላይ የነበረውን ክር ወደ እሱ ኤ አውርደው፣ ሌሎቹንም ከዚያ ተነስተህ ወደ ታች ቃኛቸው። ትከሻው ላይ የሚቆሙት ሦስት ቧንቧዎች ሳያቋርጡ ኤን ያሰማሉ፣ እነሱን እየሰማህ ቃኝ። ስልኩን ኪስህ ክተት።

መልስ፦ የኤደንብራዋ
እኔ የምለው፣ እሱ ሰውዬ ቤት ውስጥ ትልቁን መንፋቱስ? እሱ እኮ ለሜዳ ነው፣ ጆሮ ያደነቁራል። ስሞልፓይፕ (ትንሹ ባግፓይፕ) ካለው ይዞ እንዲመጣ ለምነው። በአፍ አይነፋም፤ ብብቱ ስር የሚይዘው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ነገር ነው ስልቻውን አየር የሚሞላለት። ድምፁ ከፊድል ጋር ይመጣጠናል፣ አብዛኛውን ጊዜም በኤ፣ በ440 ይቃኛል። ችግርህ ግማሹ እዚያው አለቀ።
ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። የማታውቀውን ዜማ አትምታ። ዝም ብለህ ስማ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ቀስ ብለህ ግባ። ጊታር የሚመታ ካለ ደግሞ ሁለታችሁ አንድ ላይ አትምቱ፣ ሴሽን ውስጥ ያናድዳቸዋል። እኔ ስንቴ በዓይን ተገረፍኩ መሰለህ!

መልስ፦ ሦስተኛው ክር
ወደ ኪዩ ልምጣ። ባግፓይፕ ያሉት ዘጠኝ ድምፆች ብቻ ናቸው፦ ከታች ጂ፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ)፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ላይኛው ኤ። እዚህ ውስጥ ትዝታ ሜጀር በሦስት ቦታ ይገኛል፣ በዲ፣ በኤ እና በጂ። ክራርህን በዲ ቃኘው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፤ ስድስተኛው ክር ኤን ይድገም። ወደ ኤ ሲዞሩ ዲውን ብቻ ግማሽ ድምፅ አውርደህ ሲ ሻርፕ አድርገው። ወደ ጂ ከዞሩ ኤፍ ሻርፑን ብቻ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገህ ጂ አድርገው። አንድ ክር ነው፣ በሁለቱ ዜማ መሀል ይደርሳል። ካልደረሰም ያንን ክር አትንካው፣ አራቱ የጋራ ናቸው። ሰባቱንም ድምፅ የሚጠቀም ዜማ ሲመጣ ያለህን ምታ፣ የሌለህን ፊድሉ ይሙላው። አንቺሆዬ ላይ እንዳለህ ግን እንዳትገባ፣ ጉድ ይፈላል።
ምቱን ደግሞ ተጠንቀቅ። ጂግ የሚሉት የጭፈራ ዜማ ስድስት ስምንተኛ (6/8) ነው፣ የኛም ችክችካ እንደዚያው ይቆጠራል። እጅህ ግን ወደ ለመደው አመታት ይሄድብሃል፣ የነሱ ማረፊያ ሌላ ነው። መጀመሪያ በእግርህ እየረገጥክ ስማ።

መልስ፦ ጋሽ ማሲንቆ
ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ክራሩን ቤት ትተህ ማሲንቆ ያዝ ልጄ። አንድ ክር፣ ጣትህን የፈለግህበት ታሳርፋለህ፣ ኤው 440 ሆነ 480 ምን ቸገረህ!

መልስ፦ የኤደንብራዋ
ጋሼ እውነት ብለዋል፣ ግን ልጁ ማሲንቆ «እሞካክራለሁ» ነው ያለው፣ ፊድል መሀል ሆኖ ገና ሲሞካክር አስቡት 😄 ለልምምድ ቶባር አን ዱአልቻይስ የሚባል በነጻ የሚሰማ የድምፅ ማኅደር አለ፣ በጌሊክ (በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ) የቅርስ ምንጭ እንደ ማለት ነው። የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1951 (በፈረንጅ) ጀምሮ መንደር ለመንደር ዞረው የቀረጹት ብዙው እዚያ ነው። ለሐሙስ ግን አዲስ ዓመት ሲገባ የሚዘፍኑትን «ኦልድ ላንግ ሳይን» ተለማመድ፣ ዜማው በአምስት ድምፅ ያልቃል።

ባለክራሩ፦
ተባረኩ። ሰውየውን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ስሞልፓይፕ አለው፣ «ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው» አለኝ። ክራሩን በዲ ቃኝቼ ከሰዓት ሙሉ ዲዋን ሳወርድ ሳወጣ ዋልኩ፣ አሁን ሳላይ ሲ ሻርፕ ላይ ታርፋለች። አንድ ነገር ብቻ፣ መቃኛ እንጨቱ እየተንሸራተተ መልሶ ይላላብኛል። በምን ላጥብቀው ጋሼ?

ጋሽ ማሲንቆ፦
ጠመኔ ቀባ አድርግበት።