የመዋቢያ ምርቶች አዘገጃጀት ሥልጠና ልከፍት ነው፤ ከምን ልጀምር?

ፋርማሲስቷ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የቅባትና የክሬም ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ገርጂ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ የመዋቢያ ምርቶች አዘገጃጀት ላሠለጥን ነው። የተመዘገቡት አሥር ናቸው፤ የጸጉር ቤት ባለቤቶች፣ በቤታቸው ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች፣ ሁለት የኬሚስትሪ ምሩቃንም አሉበት። ጊዜው ስድስት ቅዳሜ ነው። ሁለቱን ቅዳሜ ንድፈ ሐሳብ አስተምሬ ከዚያ ሻምፑ፣ ሎሽን፣ የከንፈር ቅባት፣ በመጨረሻም ሳሙና ላሠራ አስቤ ነበር። እነሱ ግን «ከመጀመሪያው ቀን የሚሸጥ ነገር እንሥራ» ይሉኛል። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም እንዳሳያቸው የጠየቁኝም አሉ። ልምዱ ያላችሁ እንዴት ነው የምታስኬዱት?

አሠልጣኝ፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ንድፈ ሐሳቡን ለብቻው ነጥለው ሁለት ቅዳሜ አይስጡት። ቢከር ሳይነኩ የሰነበቱ ሠልጣኞች መቅረት ይጀምራሉ፤ የሚመጡትም የሰሙትን ረስተውት ይመጣሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ለሚዛን ይስጡት። አብዛኞቹ የሚመጡት በሾርባ ማንኪያና በሲኒ መለካት ለምደው ነው። እኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማንኪያ አድላለሁ፤ እያንዳንዱ «አንድ ማንኪያ» የተፈቀፈቀ የንብ ሰም ቀድቶ ሚዛን ላይ ያደርጋል፤ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። የአንዷ ማንኪያ የሌላዋን እጥፍ ሆኖ ሲገኝ ስለ ሚዛን መከራከር ያበቃል። ቀጥለው ሁሉንም ነገር ከመቶ እንዲያስቡ ያስለምዷቸው። ለአንድ ቀላል ሎሽን የተጣራ ውኃ 73፣ ግሊሰሪን 4፣ ውኃና ዘይት የሚያዋህደው ሰም 6፣ ዘይት 12፣ የሺያ ቅቤ 4፣ ፌኖክሲኢታኖል ያለበት ከብልሽት መከላከያ 1፤ ድምሩ 100። ይህን የያዘ ሰው መቶ ግራምም ሃምሳ ኪሎም አስልቶ ይሠራል። ንድፈ ሐሳቡ እዚሁ ላይ ይገባል፤ ለምን 6፣ ለምን 1 ብለው ራሳቸው ይጠይቁዎታል።

የንብ ሰም በአገራችን ሞልቷልና ሁሉም በእሱ ብቻ ክሬም መሥራት ይፈልጋል። ያሠሯቸው! የንብ ሰም ብቻውን ውኃና ዘይት አያዋህድም፤ ዛሬ ያማረው ክሬም በሳምንቱ ውኃውን ሲተፋ በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ የሚያዋህደውን ሰም ጨምረው፣ ውኃውንና ዘይቱን ለየብቻ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ አሙቀው እንደገና ይሥሩት። ከብልሽት መከላከያውና ሽቶው የሚገባው ከ40 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅ የተነነውን ውኃ መዝኖ መተካትን አይርሱባቸው፤ ይህን የሚዘልል ብዙ ነው፣ ከዚያ ክሬሙ በየጊዜው ለምን እንደሚወፍርበት ግራ ይገባዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። በየሥልጠናው «የእኔ ምርት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ኬሚካል አያስፈልገውም» የሚል ሰው አይጠፋም። የእሬት ጭማቂ፣ የሩዝ ውኃ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ እነዚህ ሁሉ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ቀለብ ናቸው። ውኃ ያለበት ማንኛውም ምርት ከብልሽት መከላከያ ይፈልጋል። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያዘገያል እንጂ ሻጋታ አይከላከልም፤ ሁለቱን የሚያምታታው በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሎሽን በሁለት ብልቃጥ፣ አንዱን ከመከላከያው ጋር፣ ሌላውን ያለ እሱ ያሠሯቸው። ሁሉም ጣቱን ይንከርበትና መስኮት ላይ ይቀመጥ። በየቅዳሜው ከፍተው ይዩት፤ ያሽትቱት። አረንጓዴው ነጥብ ሲወጣ ማስረዳት አያስፈልግዎትም። ንጹሕ መስሎ የቆየ ብልቃጥ ግን ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ አብረው ይንገሯቸው፤ ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ ለሽያጭ የሚወጣ ምርት ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

በዚህ ምክንያት ሰርተፍኬቱን በስድስተኛው ቅዳሜ አይስጡ። እያንዳንዱ የሠራውን ብልቃጥ ቤቱ ወስዶ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን)፣ ውኃ መለየት አለመለየቱን በየሳምንቱ ይመዝግብ፤ በሦስተኛው ወር ብልቃጡንና መዝገቡን ይዞ ሲመጣ ይቀበል። የሚያኮርፍ ይኖራል፤ ያኩርፍ። ሕፃን ፊት ላይ የሚቀባ ነገር የሚሸጥ ሰው ምርቱ በሦስተኛው ወር ምን እንደሚመስል ሳያይ ወረቀት መያዝ የለበትም።

ሳሙና ሠሪዋ፣ ባሕር ዳር

ሳሙናን ለመጨረሻ አታቆይው እህቴ፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቅዳሜ አድርጊው። ሳሙና ቢያንስ አራት ሳምንት መድረቅ አለበት፤ ዘግይተሽ ካሠራሻቸው ተማሪዎችሽ ያለቀለት ሳሙና ሳይነኩ ይበተናሉ። ኮስቲክ ሶዳው ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ይህን እየደጋገምሽ ንገሪያቸው። ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ክፍት መስኮት። ደግሞ ማንም ከቤቱ የአሉሚኒየም ድስት ይዞ እንዳይመጣ አደራ፤ ሶዳው ድስቱን ይበላዋል፣ የሚወጣውም ጋዝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። አንዱን ዘይት በሌላው ሲተኩ ሶዳውን እንደገና ማስላት እንዳለባቸው አሳያቸው፤ 100 ግራም የኮኮናት ዘይት 18 ግራም ገደማ ሶዳ ሲፈልግ የወይራ ዘይት ግን 13 ግራም ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የተረፈ ሶዳ ቆዳ ይልጣል።

ፋርማሲስቷ፣ አዲስ አበባ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሳሙናውን ወደ መጀመሪያው ቅዳሜ አምጥቼዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የተጣራ ውኃ ውድ ስለሆነ ከጋራዥ የሚገዛው የባትሪ ውኃ ይሆናል ወይ? ስለሚያነጣው ክሬምስ ምን ልበላቸው?

አሠልጣኝ፣ ሐዋሳ

የባትሪ ውኃ ይቅርብዎ። ማዕድኑ ቢወጣለትም ጀርም እንዳይኖርበት ማንም አይቆጣጠረውም፤ በዚያ ስም አሲድ የሚሸጥበት ቦታም አለ። በሥልጠናው የሚሠራው መጠን ትንሽ ስለሆነ ከላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢ ቢገዙ ወጪው አይከብድዎትም።

የሚያነጣውን አያስተምሩ። አሠራሩን ሳይሆን እንዴት እንደሚለይ ያስተምሯቸው። ግማሹን ቅዳሜ ቢወስድም አይቆጭም፤ የጸጉር ቤት ባለቤቶቹ ነገ መደርደሪያቸው ላይ የሚደረድሩት እሱን ነውና። ከገበያ ባዶ ማሸጊያዎችን ሰብስበው ጽሑፉን ያስነብቧቸው። ሃይድሮኩዊኖን በአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማንጫ መዋቢያዎች ከ2001 ጀምሮ ታግዷል። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ሰው እንደ መዋቢያ ሲቀባቸው ቆዳው ይሳሳል፣ ሲያቆም ደግሞ ይብስበታል። ካሎሜል የሚል ካዩ ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል። እርስዎ ፋርማሲስት ስለሆኑ ይህን ከእኔ የበለጠ ያስረዱታል፤ ይሰሙዎታልም።

ጥራት ተቆጣጣሪ፣ አዳማ

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ የምርት መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ የትኛውን ጥሬ ዕቃ ስንት ግራም፣ ፒኤቹ ስንት ሆነ የሚል አንድ ገጽ ይሞላ። አይኤስኦ 22716 የሚባለው የመዋቢያ አመራረት መመሪያ ብዙ ነገር ቢዘረዝርም ለጀማሪ ዋናው ይህ ገጽ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይም ሥልጠና መውሰዳቸውን ብቻ ይጻፉ፤ አምርቶ ለመሸጥ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠየቀውን ማሟላት የራሳቸው ድርሻ መሆኑን በቃልም በጽሑፍም ይንገሯቸው።

ፋርማሲስቷ፣ አዲስ አበባ

የሦስት ወሩን ነገር ዛሬ ለተመዘገቡት ነገርኳቸው፤ አንዷ ገንዘቧን መልሳ ወሰደች፣ ዘጠኙ ተስማምተዋል። የመመዝገቢያውን ገጽ እያዘጋጀሁ ነው፤ ሲያልቅ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ የጎደለውን ጠቁሙኝ።