ከባሕር ዳር ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእናቴ ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ አድርጋ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ የምትሄድበት ትኬት ልቆርጥ ነው። አንዱ ድረ ገጽ ከቦሌ ያለውን ርቀት 7 ሺህ፣ ሌላው 11 ሺህ ይለዋል። ደግሞ ከቦሌ መሄጃው ወደ 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13 ሆኖ አየሁት። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በማይል፣ ሌላው በኪሎ ሜትር ነው። 1 ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ግን 1.852 ስለሆነ፣ 6,240 የሚል ካየህ እንዳትደናገር።

ከባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ቦሌ 334 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ደለስ 11,560 ገደማ፤ ድምሩ ወደ 11,900 ይጠጋል። ከባሕር ዳር በቀጥታ የሚበር ቢኖር 11,240 ይበቃው ነበር። ከእኛ ሲነሱ ዋሽንግተን በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ በደቡብ፤ ስለዚህ እናትህ መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብትለካ ይህ አይታይህም። ሉል ላይ ክር ወጥር፤ ክሩ ሱዳንን አልፎ ሜዲትራኒያንን ሲሻገር ታየዋለህ።

ፒያሳ፦
የሰዓቱን ልመልስ። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው፦ 2,334 ሜትር። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሰውም ሻንጣም ሞልቶ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደለስ ግን 95 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ሞልቶ ይነሳል፣ ሳያርፍ ይመጣል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ በፈረንጆቹ ክረምት ደግሞ ይበረታል።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ አገር ሰዓት ስንት ላይ ትደርሳለች?

ፒያሳ፦
ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ግን በ7። ለምሳሌ በጃንዋሪ 22:30 ተነስተው 16 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ እዚህ በማግስቱ 15:00፣ እዚያ ጠዋት 07:00 ይሆናል።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው በረራ ላይ ነው። «ማክሰኞ 00:15» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ከሄደ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሆነው ነው።

ከባሕር ዳር ያለው በረራ አንድ ሰዓት ቢሆንም የጠዋቱን ያዝላቸው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ይበዛል፤ የመጨረሻው በረራ ከተሰረዘ የዋሽንግተኑም ያመልጣቸዋል። ሁለቱንም በአንድ ትኬት ቁረጥ፤ ለየብቻ ከተቆረጠ አንዱ ሲዘገይ ለሌላው ተጠያቂ የለም። ሻንጣው ሲመዘንም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መዳረሻ አዲስ አበባ ይሁን ዋሽንግተን ሳታነብ ከመዝገቢያው አትራቅ።